ጊጋ ባለቀበት ወር የመጡ ሽማግሌዎች

እህቴ ቤት ከዳቦና ከወተት ይልቅ የሚጠበቀው ጊጋ ነበር። ወተት ቢያልቅ ልጆቹ ውሃ ይጠጣሉ፣ ዳቦ ቢያልቅ ሱቁ ቅርብ ነው። ጊጋ ሲያልቅ ግን የእህቴ ባል ቤቱን ፍርድ ቤት ያደርገው ነበር።

ኢንተርኔት የሚያስገባልን ድርጅት ለወሩ በጊጋ የተለካ መጠን ይሰጠናል። መጠኑን ከጨረስን መስመሩን አይዘጋውም፤ ያዘገየዋል። እኔ ቢዘጉት ይሻል ነበር እላለሁ። የተዘጋ ነገር ተስፋ ያስቆርጥና ሰውን ወደ ሌላ ሥራው ይመልሰዋል። የዘገየው ግን አለሁ እያለ ያደክማል። ከአገር ቤት በተላከ የሰርግ ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ከፀጉሯ እስከ ቅንድቧ ትመጣና ትቆማለች። አፍንጫዋ እስኪደርስ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። አፏ ጋ ሲደርስ ገጹ ራሱን ይዘጋል፤ እንደገና ከፀጉር ይጀመራል።

የእህቴ ባል ከሥራ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ኮምፒዩተሩ ላይ የቀረውን መጠን ያያል። ሰላምታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰላምታው ሞቅ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ የሚሆነውም እዚያ ባየው ነገር ነው። መጠኑ ከጠበቀው በላይ ከቀነሰ ሁለቱን ልጆቹን ሳሎን ያቆምና ማን ካርቱን እንዳየ ይመረምራል። እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይክዳሉ። በመጨረሻ ዓይኑ ወደ እኔ ይዞራል። እኔ አፌን ስለማልከፍት ጥፋተኛ ለመምሰል እመቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰላጣ በላስቲክ በሚታሸግበት ፋብሪካ ቆሜ ነው የምውለው፤ ማታ ኢንተርኔት ቀርቶ ሶፋው ላይ ለመቀመጥም አቅም አልነበረኝም። ይህንን ግን አልተናገርኩም። ድስቱን አጠብኩ።

ይኸው ሰውዬ ታዲያ አገር ቤት ሲደውል ሌላ ሰው ነው። እሑድ እሑድ አባዬን በስካይፕ ስናገኘው ወንበሩን ስቦ ከፊት ይቀመጥና ስለ አውስትራሊያ ያስረዳዋል። እዚህ ሁሉ ነገር ፈጣን ነው፣ ወረፋ የለም፣ መብራት አይጠፋም ይላል። አንድ ቀን እንዲሁ እያለ ምስላችን ቆመ። አባዬ በኋላ እንደነገረኝ አማቹ አፉን እንደከፈተ ብዙ ቆይቷል። የአጎቴ ልጅ አጠገቡ ሆኖ፣ "ጋሼ፣ አውስትራሊያ ኔትወርክ ጠፋ መሰለኝ" ሲለው አባዬ፣ "ተወው፣ ትንሽ ይረፍ" አለ።

ሰፈራችን ሰንሻይን ዌስት ነው፤ ከጓሮ አጥሩ ማዶ የፋብሪካ ጣሪያ ይታያል። መንግሥት አዲስ ፈጣን መስመር በየቤቱ ሊያስገባ ነው ተብሎ ሠራተኞች መጥተው የእግረኛ መንገዱ ላይ በቀለም ምልክት አድርገውልን ሄዱ። በዚያ ምልክት የእህቴ ባል አንድ ክረምት ሙሉ ኮራ። እንግዳ ሲመጣ በር ድረስ ሸኝቶ ቀለሙን ያሳይ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ቀለሙን አጠበው፤ መስመሩ አልመጣም።

በኋላ ሽማግሌ የላከብኝ ሰው ወደ ቤታችን የገባው በዚህ ሰሞን ነው። ስሙን አልጠራም፤ አሁን አግብቷል፣ ደህና ይሁን። የኮምፒዩተር መሐንዲስ ነው። የእህቴ ባል ቤተ ክርስቲያን ተዋወቀውና የዘገየውን መስመር እንዲያይለት ጠራው። አየው፤ ሻይ ጠጣ፤ የእኛ መስመር በአሮጌ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ስለሆነ ከዚህ በላይ አይሄድም አለ። ከዚያ ስለ ራሱ ቤት ተረከ። ዋይንድሃም ቬል አዲስ ሰፈር ቤት ገዝቷል። ባቡር ገና አልደረሰበትም፣ ዛፍ አልበቀለበትም፣ ግራና ቀኙ ያለው መሬት ባዶ ነው። ፋይበር ግን ከመንገዱ ጋር አብሮ ተቀብሮ ነው የጠበቀው። ፋይበር ማለት ብርሃን የሚያልፍበት ቀጭን ክር ነው ብሎ አስረዳን፤ ሲያስረዳ ሁለት ጣቱን አጣብቆ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የእህቴ ባል ስለ ገነት የሚሰብኩለት ያህል አፉን ከፍቶ ሰማው። በዚያን ጊዜ እንኳ አፉን እንደከፈተ ያስቆመው መስመሩ አልነበረም።

በሁለተኛው መምጫው ሻይ ሳቀርብለት ቀና ብሎ፣ ስንተኛ ክፍል እንዳቆምኩ ጠየቀኝ። ስድስተኛ አልኩት፤ የነገርኩት ለእግሬ ነው ማለት ይቻላል። ደስ አለው። ችግር የለውም፣ ቀስ በቀስ እኔ አስተምርሻለሁ አለ። ማን እንዲያስተምረኝ እንደጠየቀ አላውቅም። ወደ ኩሽና ስመለስ ለእህቴ ባል የሚለውን ሰማሁ፦

"እኔ የምፈልገው ብዙ የማታወራ ልጅ ነው። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ሚቲንግ ነው፤ ቤቴ ስገባ ጸጥታ ነው የምፈልገው።"

የእህቴ ባልም እውነቱን መሰከረልኝ። ይህች ልጅ ስትናገር የሰማበት ቀን ትዝ እንደማይለው ነገረው። እንደ ፍሪጅ ነው የሸጠኝ፤ ድምፅ የላትም እያለ።

ማታውን እህቴ ኩሽና መጣች። ሰውየው ጨዋ እንደሆነ፣ ሥራው ቋሚ እንደሆነ፣ ቤቱ ፋይበር እንዳለው ዘርዝራ ምን ትያለሽ አለችኝ። እኔ ድስቱን እየፈተግኩ ነበር፤ መፈተጌን ቀጠልኩ። አንገቴን ደፋሁ። ልቤ "አልፈልገውም" ይላል፤ ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ እንደዚያች የፎቶ ሙሽራ ቆመ። እህቴ ትንሽ ጠበቀችና ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ወጣች። ሳሎን ገብታ ለባሏ፣ "አፍራለች፤ ወዳዋለች" ስትል ሰማሁ።

እኛ አገር የተጠየቀች ልጅ ብትወድም ባትወድም የምታየው መሬት ነው። እህቴ ግን የምታውቀው አንዱን ትርጉም ብቻ ነበር፤ እሷ ስትጠየቅ መሬት መሬት ያየችው ወዳ ነዋ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእኔ እጅ ወጣ። ሽማግሌ ተመረጠ። አባዬ ግን በስልክ ሲነገረው አንድ ነገር አለ፦ ፊታቸውን ሳላይ ልጅ አልሰጥም። ስለዚህ ሽምግልናው በስካይፕ እንዲሆን ተወሰነ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ወዲያው እሱ ቤት እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ፤ መስመሩ ፈጣን ነው፣ ምስሉ እንደ ቴሌቪዥን ነው አለ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ካርልተን ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰው፣ ተቆጡ። ሴት የምትጠየቀው የቤተሰቧ በር ላይ ተቆሞ ነው እንጂ ቤተሰቧን ጠያቂው ቤት ጠርቶ አይደለም አሉ። ፋይበር ይሁን አይሁን አያገባኝም፤ በትራምም በባቡርም ብዬ ሰንሻይን ዌስት እመጣለሁ አሉ። ተከራካሪ አልተገኘም።

እንግዲህ የቀረው የእኛን መስመር ማዘጋጀት ነበር። የእህቴ ባል ለሽምግልናው እሑድ ጊጋ እንዲተርፍ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ኢንተርኔት ከለከለ። በእኔ ሽምግልና ምክንያት ሁለት ልጆች ካርቱን ጾሙ። ትልቋ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ እኔን ማናገር ተወች። አልፈረድኩባትም። እኔም ጾሙ የማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ቅዳሜ ሰውየው ሽቦ የተጠቀለለበት ቦርሳ ይዞ መጣ። መስመሩን ሊፈትን ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ እንደ መኪና ፍጥነት መለኪያ ያለ ነገር ከፈተ፤ ተጫነው፤ ቀስቱ ወደ ላይ ሄዶ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። እዩት አለን፤ አየነው። ኮምፒዩተሩን አንስቶ ወደ መኝታ ቤት ሄደ፣ እዚያም ለካ። ኮሪደር ላይ ለካ። ኩሽና ገብቶ እኔ የምከትፈው ሽንኩርት አጠገብ አስቀምጦ ለካ፤ እኔ ቀና እንድል ጠበቀ፤ ሽንኩርቱን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ምስሉ ጥርት እንዲል ብሎ ኮምፒዩተሩን አፕዴት ማድረግ፣ አዲስ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመረ። የራሱን ቤት ኮምፒዩተርም ከፍቶ ትቶት መጥቷል፤ ከእኛ ሳሎን ወደ እሱ ባዶ ሳሎን ቪዲዮ ደወለና ስክሪኑ ላይ የእሱ ሶፋ ታየን። ያንን ሶፋ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስናየው ዋልን። ላዩ ላይ ያለው ላስቲክ አልተነሳም ነበር። ለአንድ ካርቱን ችሎት የሚያስቀምጠው የእህቴ ባል እጁን አጣምሮ ሶፋውን እያየ፣ "ጥራት ማለት ይኼ ነው" ይል ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አዲስ አበባ ጠዋት ነው፤ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሰፈሩ ያለው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ከአጎቴ ልጅ ጋር እንዲጠብቅ ተነግሮታል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የካርልተኑ ጋሼ ተናጋሪ ናቸው፣ አንደኛው ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሦስተኛው ነጠላቸውን ማስተካከል የማይሰለቻቸው። እኔ ኩሽና ነበርኩ፤ የኩሽናው በር ግን ሁሌም አይዘጋም፣ ሳሎኑ ሙሉውን ይታየኛል።

ጠያቂው ራሱ በሽምግልና ላይ እንደማይገኝ ሕፃንም ያውቃል። ሰውየው ግን መስመሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም ብሎ በጓሮ በር ገባ። ሽማግሌዎቹ አይተው እንዳላዩ ለመሆን ተስማሙ። የሳሎኑ ሽቦ አጭር ስለሆነ ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ሞደም ጠረጴዛው ሥር መሬት ላይ ነው ያለው፤ እሱም ጠረጴዛው ሥር ገባ። ሱፍ ለብሷል። ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር የሚታየው ከወገቡ በታች ያለው ነው። ኮምፒዩተሩ ከላይ፣ ባለጉዳዩ ከታች ሆኖ ነገሩ ተጀመረ።

አባዬ መጣ። ምስሉ እውነትም ጥርት ያለ ነበር፤ ነጭ ሸማ ለብሶ፣ ከኋላው የኢንተርኔት ቤቱ ልጆች የየራሳቸውን ሥራ ትተው አንገታቸውን አስግገው ታዩኝ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሰላምታ ሰጡ። ተቀመጡ እስኪባሉ አይቀመጡም። ጋሼ ጀመሩ፤ ከሩቅ አገር በመስኮት እንደመጡ፣ ቢሆንም እግራቸው ደጁን እንደረገጠ ይቆጠርላቸው ዘንድ፣ ልጃችን ልጅዎን ለትዳር እንደሚሻ። አባዬ እጁን አነሳ። በዚህ ጊዜ ምስሉ ቆመ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እየጠበቁ ቆሙ። እጁ አልወረደም።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ በዝግታ፣ "ተቀመጡ እያሉ ነው መሰለኝ" አሉ።

"ቆዩ፣ ስሙ እያሉም ሊሆን ይችላል" አሉ ነጠላቸውን የሚያስተካክሉት።

"መዳፋቸው ወደ ታች ነው እኮ።"

"ወደ ታች አይደለም፤ ወደ ጎን ነው።"

ጋሼ ሁለቱንም በዓይናቸው ገሠጹና የልጅቱ አባት በራሱ አፍ ተቀመጡ ሳይል ማንም እንደማይቀመጥ ነገሯቸው። ዝምታው የአባትየው ጨዋነት መሰላቸው፤ ልጅ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመልስ አባት የለማ። ስለዚህ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ስክሪኑ ላይ ለቆመው እጅ ልጃቸውን አመሰገኑለት። ትሑት ነው፤ ሰው ፊት እዩኝ አይልም አሉ። ጠረጴዛው ሥር ያለው ወገብ ወደ ግራ ዞረ። የእህቴ ባል ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ከኢንተርኔቱ ድርጅት የመጣ መልእክት ነው፤ አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ። የወሩ ጊጋ አልቋል።

"ማነው?" አለ ልጆቹን እያየ።

ትልቋ ልጅ ምንም ሳትል በጣቷ ጠረጴዛውን ወደ ታች አመለከተች። ሳምንት የጾመች ልጅ ምስክርነቷ አጭር ነው። ጋሼ ይህን አላዩም፤ "ደግሞም ቆጣቢ ነው፤ ያገኘውን አያባክንም" እያሉ ነበር።

ከጠረጴዛው ሥር ድምፅ መጣ፤ አፕዴቱ ሳይሆን አይቀርም አለ፣ ሞደሙን አጥፍቶ እንደሚያበራው ነገረን። አጠፋ፤ አበራ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። ድምፅ ተሞከረ፤ የአባዬ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ተቆራርጦ መጥቶ ጠፋ። በመጨረሻ ስክሪኑ ጥግ ላይ ፊደል ብቅ አለ። የዘገየ መስመር ምስል መሸከም ባይችል ፊደል ይሸከማል። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ነው የሚጽፈው።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ፤ መነጽራቸው ካርልተን ቀርቷል። ሌሎቹም በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ማንበብ አይሆንላቸውም። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወደ ጠረጴዛው ሥር ሳያዩ፣ "እስቲ ያ የኮምፒዩተሩ ልጅ ካለ ያንብብልን" አሉ።

ሰውየው ወጣ። የሱሪው ጉልበት አቧራ ይዟል። አነበበ፤ አባዬ ሽማግሌዎቹን አክብሯል፣ ምስል ስለጠፋ ይቅርታ ጠይቋል፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ግን ልጁን ሊጠይቃት ይፈልጋል፤ ራሷ ትጻፍልኝ ብሏል።

እህቴ መጥታ እጄን ይዛ ከኩሽና አወጣችኝ። ኮምፒዩተሩ ፊት ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ የእህቴ ባል ቆሟል፣ ሰውየው ከትከሻዬ ኋላ ቆሟል፤ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሽቶው ይሸተኛል። ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር መጣ፦

"ልጄ፣ ትፈልጊዋለሽ? አፍረሽ ዝም አትበይኝ።"

ዓይኔን ወደ መሬት ላወርድ ስል ፊደሎቹ መሬት ላይ እንዳልሆኑ ገባኝ። ለመጻፍ ቀና ማለት ነበረብኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈለግኋቸው፤ ጣቴ ሰላጣ ማሸጊያ ላይ እንዲህ ቀርፋፋ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ያባርሩኝ ነበር። "አልፈልግም አባዬ" ብዬ ጻፍኩ። መላኪያውን ተጫንኩት።

አልሄደም። ከጽሑፌ ጎን ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከኋላዬ የሰውየው ትንፋሽ ቆመ፤ አንብቦታል።

"ምን አለች?" አሉ ጋሼ።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ የኮምፒዩተሩን ክዳን ያዘ። "መስመሩ ደካማ ነው ጋሼ። የጻፈችው አልሄደም። ለዛሬ ይብቃንና ሌላ ቀን ይሻላል" አለ።

ክዳኑን ወደ ታች ሲገፋው ክቧ መዞሯን ትታ ጠፋች፤ ተልኳል ማለት ነው። እጄን በክዳኑና በፊደሎቹ መሐል አስገባሁ።

"ሄዷል" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ድምፄ ለእኔም እንግዳ ነበር፤ ከጠበቅኩት ወፈር ያለ ነው። ጋሼ አጠገቤ መጡና፣ "ምን ብለሽ ነው የሄደው፣ ልጄ?" አሉኝ።

"አልፈልግም ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

ሰውየው ክዳኑን ለቀቀው። የአባዬ መልስ እስኪመጣ ብዙ ቆየ፤ ሲመጣ ሰውየው ስላላነበበው እኔው አነበብኩት። እንግዶቹን አስቀምጧቸው፣ አብሏቸው፣ አክብራችሁ ሸኟቸው፣ ልጄን ግን አልሰጥም ይላል። ከሁሉም በፊት የተንቀሳቀሱት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ተቀምጠዋል።

የተሠራው ምግብ ተበላ። ሰውየው ሽቦውን ጠቅልሎ በገባበት በጓሮ በር ወጣ፤ አሁን ከሁላችን የበለጠ ደንብ አክባሪ ሆነ።

ነገሩ አለቀ ያለ ሰው ሽምግልና አያውቅም። በእኛ ደንብ የመጀመሪያው እምቢታ እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጠረው። ሽማግሌ ይመለሳል። ሰውየው ደግሞ የራሱ ምክንያት ነበረው። ምስሉ ስለቆመ ነው፤ እኔ ተደናግጬ ነው፤ አባትየው የሽማግሌዎቹን ፊት በደንብ ቢያዩ ሌላ መልስ ይሰጡ ነበር፤ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። መሐንዲስ ነውና ሽማግሌዎቹ አመኑት። አዲሱ ወር ሲገባና ጊጋው ሲሞላ እንዲመለሱ ተቀጠረ። እንግዲህ የእኔ እምቢታ የቴክኒክ ብልሽት ሆኖ ተመዘገበ።

እስከዚያ ድረስ ቤቱ በዘገየ መስመር ኖረ። የእህቴ ባል ልጆቹን መመርመር ተወ፤ ማን እንደጨረሰው ስለሚያውቅ ነው፤ ግን ያንን ስም በጥፋተኝነት መጥራት አልቻለም። እህቴ አሳፈርሽን አለችኝ። ፋብሪካ ቆመሽ ልታረጂ ነው አለች። ዋይንድሃም ቬል ያለውን ቤት አስታወሰችኝ። እኔ ያስታወስኩት ላስቲኩ ያልተነሳለትን ሶፋ ነው። እኔም እዚያ ቤት ከነላስቲኬ እንደምቀመጥ ታየኝ። ግን አልነገርኳትም፤ አንድ ጊዜ ተናገርኩ ማለት ተናጋሪ ሆንኩ ማለት አይደለም። የፈራሁት በሁለተኛው ጊዜ ምስሉ ጥርት ብሎ ሲመጣና ሁሉም ፊቴን ሲያዩኝ ያ ድምፅ ተመልሶ እንዳይጠፋብኝ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ ማንም ስለማይሰማኝ ቃሉን እየደጋገምኩ እለማመደው ነበር።

ጊጋው ሞላ። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ ጋሼ መነጽራቸውን ይዘዋል። ሰውየው በዚህኛው ቀን አልመጣም፤ ሽቦ ብቻ ልኮልናል። አባዬ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ተቀመጡ አላቸው፣ ተቀመጡ። ጋሼ ንግግራቸውን አሳጠሩና ወደ ጉዳዩ ገቡ።

"ባለፈው መስመሩ ደካማ ስለነበር የልጅቱ ቃል በትክክል አልደረሰም ይላል ልጃችን። ዛሬ ግን ፊት ለፊት ነን" አሉ።

አባዬም፣ "እዚያው ቤት አይደለች እንዴ? እሷኑ ጠይቋት" አለ።

እህቴ ልትጠራኝ ስትነሳ ሳሎኑ በር ላይ ቆሜ አገኘችኝ። እጄ እርጥብ ነበር። አባዬ ከስክሪኑ ውስጥ፣ ጋሼ በመነጽራቸው፣ የኢንተርኔት ቤቱ ልጆች ከአባዬ ትከሻ በላይ ያዩኛል። ዓይኔ ወደ ምንጣፉ ሄደ፤ እዚያው ይሁን ብዬ ተውኩት። አፌ ይበቃል።

"መስመሩ ደህና ነበር፣ ጋሼ" አልኩ። "ያን ቀንም አልፈልግም ነው ያልኩት፤ ዛሬም አልፈልገውም።"

ጋሼ ወደ ስክሪኑ ዞረው፣ "ሰምተዋል?" አሉ።

"ጥርት ብሎ" አለ አባዬ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለልጁ እንደሚነግሩት፣ ለሦስተኛ ጊዜ እንደማይመጡ ተናገሩ፤ ትራሙም ባቡሩም አድክመውኛል አሉ። እኔ ወደ ኩሽና ተመለስኩ። ሳሎን ውስጥ ጋሼና አባዬ ወሬ ጀመሩ፤ ለካ የአንድ አውራጃ ሰዎች ናቸው፣ አንዱ የሌላውን አክስት ያውቃል። ሳቁ፤ የሞተ አነሱ፤ እንደገና ሳቁ። ምስሉ አልቆመም። የእህቴ ባል ጉሮሮውን ሲጠራርግ ይሰማኛል፤ ሽማግሌን ጊጋ እየበላችሁ ነው የሚል ሰው ግን የለም።

እህቴ ተከትላኝ ገባች። ፎጣ አንስታ ያጠብኩትን ሳህን መጥረግ ጀመረች። እየጠረገች፣ "ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ።

"አልጠየቅሽኝም።"

"እዚህችው ቆሜ ጠይቄሽ ነበር እኮ።"

"ጠይቀሽኝ ነበር" አልኳት፤ "መልሱን ግን ይዘሽው ነው የገባሽው።"

ሳህኑን ከሚበቃው በላይ ጠረገችው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችውና ሌላ እንድሰጣት እጇን ዘረጋች።